ያልበረረው መንገደኛ፦ 36 ጊዜ ላውንጅ ገብቶ የበላው ሰው ጉዳይ

ጉዳዩ ባጭሩ

አንድ ሰው ከሙኒክ ዙሪክ የሚወስድ የጀርመኑን አየር መንገድ የሉፍታንዛን የቢዝነስ ክላስ ትኬት ገዛ። ትኬቱ ውድ ነው፣ ግን ቀኑን እንደልብ መቀየር ይቻላል። ሰውየው አየር ማረፊያ ይሄዳል፣ ላውንጅ (መንገደኛ በረራው እስኪደርስ የሚያርፍበትና የሚስተናገድበት አዳራሽ) ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ በረራውን ወደ ሌላ ቀን ያዛውርና ወደመጣበት ይመለሳል። ሌላ ቀን ደግሞ ይመጣል። እንዲህ እያለ 36 ጊዜ ተመላለሰ። በዚያ ትኬት ግን አንድም ጊዜ አልበረረም።

አየር መንገዱ በመጨረሻ ነቃ። ትኬቱን ሰረዘ፣ ገንዘቡን መለሰለት፣ ቀጥሎም ከሰሰው። እ.ኤ.አ. በ2014 በተሰማው ውሳኔ የሙኒክ ፍርድ ቤት ለአንዱ ጉብኝት 55 ዩሮ አስቦ በድምሩ 1,980 ዩሮ እንዲከፍል ፈረደበት።

ወሬው ያስቃል። እዚህ የማነሳው ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም። ሰውየው ሐሰተኛ ወረቀት አልያዘም፣ አጥር አልዘለለም፣ በሌላ ሰው ስም አልገባም። በር ላይ የተጠየቀውን አሳይቶ ነው የገባው። ታዲያ ለምን ተረታ? አየር መንገዱስ እስከ 36 ድረስ የት ነበር? ለእኔ የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

መነሻው፦ ላውንጅ ውስጥ ምን አለ፣ ማንስ ይከፍላል?

ላውንጅ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ ላጓርዲያ ላይ አድሚራልስ ክለብን ሲከፍት የሚገባው የተጋበዘ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ የሚያስገባው ትኬት፣ የአባልነት ካርድ ወይም የባንክ ክሬዲት ካርድ ነው። ማለትም በሩን የሚከፍተው ማሽን የሚያነበው ነገር ሆኗል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሉፍታንዛ ላውንጆቹን በደረጃ ከፋፍሏቸዋል። ለቢዝነስ ክላስ አንድ፣ ብዙ ለሚበሩ ደንበኞች ሴናተር የሚባል ሌላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንደኛ ማዕረጉ። የሙኒኩ ሰው ትኬት የቢዝነስ ነው። የቢዝነሱም ቢሆን አይናቅም። ሾርባው፣ ሰላጣው፣ ዳቦውና አይቡ ቡፌ ላይ ተደርድሯል። ሙኒክ ስለሆነ ፕሬዝልና ቋሊማ አይጠፋም፣ ድራፍት ቢራም አለ። ወይን፣ የማሽን ቡና፣ ዋይፋይ፣ ለስላሳ ወንበር። ራሳችሁ ታነሳላችሁ፣ ራሳችሁ ትቀዳላችሁ፣ ስንተኛችሁ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንደኛ ማዕረጉ ሌላ ዓለም ነው። ፍራንክፈርት ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው የሉፍታንዛ የአንደኛ ማዕረግ ተርሚናል ለብቻው የቆመ ሕንፃ ነው። ፍተሻውም የፓስፖርት ቁጥጥሩም የራሱ ነው። ምግቡ ከሜኑ ታዞ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ባር አለ፣ ሲጋር ማጨሻ ክፍል አለ፣ ጋደም የሚሉበት ማረፊያ አለ፣ ገንዳ ያለው መታጠቢያ ቤትም አለ። እዚያ የሚሰጠውን የጎማ ዳክዬ አሳደው የሚሰበስቡ መንገደኞች አሉ፣ አዋቂ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። የበረራው ሰዓት ሲደርስ ሠራተኛ መጥቶ ይጠራችሁና በመኪና አውሮፕላኑ ድረስ ያደርሳችኋል።

የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አንደኛ ማዕረግ የለውም፣ ከፍተኛው ክላውድ ናይን የሚባለው ቢዝነስ ክላስ ነው። ቦሌ ላውንጁ ውስጥ ግን እነሱ የሌላቸው የጀበና ቡና አለ። ለዚያ ብቻ እንኳ ቀደም ብሎ መድረስ ያዋጣል።

ይህን ሁሉ ሰው "ነፃ" ይለዋል። ነፃ አይደለም። ዋጋው ትኬቱ ውስጥ ነው ያለው። አየር መንገዱ በዚያ ከተማ የራሱ ላውንጅ ከሌለው ደግሞ ለሌላ ድርጅት ላውንጅ በገባው ሰው ልክ ይከፍላል። እንግዳ በገባ ቁጥር አንድ ሰው ደረሰኝ ላይ ቁጥር ይጨምራል ማለት ነው።

ቀዳዳው የት ነበር?

ይህ ነገር ሊሆን የቻለው ሦስት ነገሮች ስለተገጣጠሙ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ትኬቱ ነው። ቀኑ የሚቀየር ትኬት የተሠራው ስብሰባው ለሚረዝምበት፣ ዕቅዱ ለሚለዋወጥበት ነጋዴ ነው። ሰውየው ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለው ለዚህ ነፃነት ነው። አንድ ጊዜ ቢያዛውር መብቱ ነው፣ አምስት ጊዜም ቢያዛውር መብቱ ነው። ታዲያ በስንተኛው ላይ ነው መብት መሆኑ የሚያበቃው? ትኬቱ ላይ ቁጥር የለም።

ሁለተኛው በሩ ነው። ላውንጅ በር ላይ ያለው ማሽን ቦርዲንግ ፓሱን (የመሳፈሪያ ወረቀቱን) አንብቦ የሚያጣራው የበረራው ቀን ዛሬ መሆኑንና ማዕረጉ መፍቀዱን ነው። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ያስገባል። ያ እንግዳ ከሁለት ሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ ላይ ይውጣ አይውጣ የበሩ ጉዳይ አይደለም። የተሳፈሩትን የሚያውቀው የመሳፈሪያው በር ነው፣ የቀን ለውጡን የሚያውቀው የትኬት ክፍሉ ነው፣ የገቡትን የሚያውቀው ላውንጁ ነው። ሦስቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ካልተቀመጡ በስተቀር እያንዳንዱ ክፍል የሚያየው አንድ ጤነኛ ደንበኛ ነው። ሻንጣ ያላስረከበ መንገደኛ ደግሞ ባይመጣ በረራው አይጠብቀውም፣ ስለዚህ እዚያም ጩኸት አይነሳም።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም የሼንገን አባል ናት። ከሙኒክ ዙሪክ ሲኬድ የፓስፖርት ኬላ የለም፣ የመውጫ ማኅተም የለም። ፍተሻውን አልፎ ገብቶ፣ በልቶ፣ ከሚመጡት መንገደኞች ጋር መውጣት ይቻላል። ትኬቱ የአዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ከጀርመን "ወጥቷል" የሚል ማኅተም ከተመታበት በኋላ ተመልሶ ለመግባት ለፖሊስ ማስረዳት ነበረበት። ያንን 36 ጊዜ የሚሞክር ሰው አይኖርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በአውሮፓ አጭር በረራዎች ላይ ቢዝነስ ክላስ ማለት ብዙውን ጊዜ ያው የኢኮኖሚ ወንበር ሆኖ መሃሉ ባዶ የተተወ ማለት ነው። ሙኒክ ዙሪክ ደግሞ አየር ላይ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከዚህ ትኬት የሚቀመሰው ነገር ያለው ላውንጁ ውስጥ ነው። አየር መንገዶቹ ራሳቸው ትኬቱን ሲሸጡ ላውንጁን ያስተዋውቃሉ። ሰውየው ማስታወቂያውን ከልቡ አምኖ ነበር ማለት ይቻላል።

አየር መንገዱ ምን አደረገ?

ከነቃ በኋላ የወሰዳቸው እርምጃዎች ቅደም ተከተላቸው ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ትኬቱን ሰረዘና ገንዘቡን መለሰ። በመጀመሪያ ሲታይ ሽልማት ይመስላል፤ 36 ጊዜ ለበላ ሰው የትኬቱን ዋጋ መመለስ! ግን ብልህ እርምጃ ነው። ገንዘቡ አየር መንገዱ እጅ እንዳለ ቢካሰሱ ሰውየው "ከፍያለሁ እኮ፣ የቀረኝን በረራ ስጡኝ" ይል ነበር። ከተመለሰለት በኋላ ግን የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። የተበላው ነገር ዋጋ የማን ነው?

ቀጥሎ ያንን ዋጋ ብቻ ጠየቀ። ወንጀል ነው ብሎ ፖሊስ ከመጥራት ይልቅ የፍትሐ ብሔር ክስ አቀረበ፣ የጠየቀውም በጉብኝት ልክ ነው። የኩባንያ ጠበቆች ሲናደዱ የሚጠይቁትን የሞራል ካሣና የስም ማጥፋት ጋጋታ ስታስቡት ይህ ጨዋነት ነው። ለማሸነፍም ረድቶታል።

ፍርድ ቤቱ ጋር ሲደርስ

የሰውየው መከራከሪያ ቀላል ነው። ትኬቱ ላውንጅ ይፈቅዳል፣ ትኬቱ ቀን መቀየር ይፈቅዳል፣ ሁለቱን መብቶቼን ተጠቀምኩ።

ፍርድ ቤቱ ነገሩን ከሌላ በኩል አየው። ውሉ የመጓጓዣ ውል ነው። ላውንጁ ከጉዞው ጋር የሚሰጥ ተጓዳኝ አገልግሎት ነው፣ ራሱን ችሎ የተሸጠ ነገር አይደለም። ለመብረር ለተዘጋጀ መንገደኛ የቀረበውን ነገር መብረር ሳይኖር ደጋግሞ መውሰድ ውሉ ከታሰበለት ነገር ውጭ ነው። ስለዚህ ሰውየው የወሰደውን ነገር ዋጋ ይክፈል፣ 36 ጊዜ 55።

ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉም የቢዝነስ መንገደኛ እንዲህ ቢያደርግ ላውንጅ የሚባል ነገር ባንድ ዓመት ውስጥ ይዘጋ ነበር፣ የሚጎዳው ደግሞ በትክክል የሚበረው ነው። ያም ሆኖ አየር መንገዱ ፍርድ ቤት ያሸነፈው ዳኛው ውሉን በመንፈሱ ስላነበቡለት ነው። ቃል በቃል የሚያነብ ሌላ ዳኛ ቢገጥመው ምን ይሆን ነበር? ይህን አደጋ አንድ አረፍተ ነገር ትኬቱ ሕግ ውስጥ በመጨመር ማጥፋት ይቻላል።

ያው ብልሃት፣ ሌላ መጨረሻ

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከቻይና ተመሳሳይ ወሬ ተሰምቶ ነበር። ጋዜጦች እንደዘገቡት አንድ ሰው የቻይና ኢስተርን አየር መንገድ የአንደኛ ማዕረግ ትኬት ገዝቶ ሺያን አየር ማረፊያ ላውንጅ ውስጥ እየበላ በረራውን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ300 ጊዜ በላይ አዛወረ። አየር መንገዱ ሲደርስበት ሰውየው ትኬቱን ሰርዞ ሙሉ ገንዘቡን ተቀበለ። አለቀ። ያንን ሁሉ ምግብ በነፃ በላ፣ የሚያስከፍለውም አልተገኘ። ከሙኒኩ ጋር ሲነጻጸር የሚለየው አየር መንገዱ ከገንዘብ መመለሱ በኋላ ሁለተኛውን እርምጃ አለመውሰዱ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ማሌዥያዊ ሲንጋፖር ቻንጊ አየር ማረፊያ ላይ ወደ ኳላ ላምፑር የሚሄድ በረራ አመለጠው። እንደመውጣት እዚያው ቆየ። በላፕቶፑ የሐሰት ቦርዲንግ ፓስ እየሠራ ከላውንጅ ላውንጅ እየዞረ በላ፣ ታጠበ፣ አረፈ። 18 ቀን! በመጨረሻ የላውንጅ ሠራተኛ ጠርጥሮ ተያዘና ሁለት ሳምንት ታሰረ። ይህ ሰነድ ማጭበርበር ስለሆነ ከሙኒኩ ጋር አንድ ላይ አይቆጠርም። ሲንጋፖር ላይ እውነተኛ ትኬት ይዞም ቢሆን ሳይበሩ ወደ መንገደኞች ክልል መግባት ራሱ ወንጀል ነው፣ ሰው ለመሸኘት ብለው ትኬት የገዙ ሰዎች ጭምር ተይዘውበታል። በእኛ የመሸኘት ባህል አስቡት።

የሠራውና ያልሠራው

ያልሠራው በሩ ነው። ማሽኑ የተነገረውን ሠርቷል፣ የተነገረው ግን ትንሽ ነበር።

ቡፌውም ጥፋቱን ደብቆታል። ለ200 ሰው የቀረበ ቡፌ ላይ አንድ ሰው ቢጨመር ወጪው አይታይም፣ አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ ነው። አስተናጋጅ የማይጠይቅበት፣ ስም የማይጠራበት ቤት ውስጥ 36 ጊዜ መጥፋት ቀላል ነው። ይህን ከፍራንክፈርቱ የአንደኛ ማዕረግ ተርሚናል ጋር አስተያዩት። እዚያ ስማችሁ ይታወቃል፣ ምግብ የሚያዝላችሁ ሰው አለ፣ ሰዓት ሲደርስ የሚጠራችሁ ሰው አለ፣ የሚወስዳችሁ መኪና ቆሞ ይጠብቃል። ሳትሄዱ ብትቀሩ በመጀመሪያው ቀን ሹፌሩ ያውቃል፣ በሦስተኛው ቀን አስተናጋጇ ትስቃለች፣ በአምስተኛው ቀን አለቃዋ መጥቶ አጠገባችሁ ይቀመጣል። የቅንጦቱ መስተንግዶ ሳይታሰብ ቁጥጥርም ሆኗል። በነገሩ ሁሉ ውስጥ የወደድኩት ነገር ይሄ ነው። ሰው ሰውን ሲያስተናግድ ያያል። ገንዘብ ለመቆጠብ አስተናጋጁን ቀንሰህ ቡፌ ስትዘረጋ ዓይንም አብሮ ይቀነሳል።

የሠራው ደግሞ መዝገቡ ነው። ቁጥሩ 36 ተብሎ በትክክል ፍርድ ቤት መቅረቡ እያንዳንዱ መግባት የሆነ ቦታ ተጽፎ እንደነበር ያሳያል። መረጃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ፣ የሚመለከተው ሰው ነው የጠፋው።

ሌሎች አየር መንገዶች ከዚያ ወዲህ የሄዱበት መንገድ የተለየ ነው። የእነሱ ራስ ምታት ባለክሬዲት ካርድ ስለበዛ ላውንጁ መጨናነቁ ነው። የአሜሪካው ዴልታ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከበረራው ከሦስት ሰዓት በፊት የመጣን ሰው አያስገባም። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ ደግሞ በካርድ ለሚገቡት ብዙዎች በዓመት የሚፈቀደውን ጉብኝት በቁጥር ወስኗል። ለጭንቅንቁ ይሠራል። ለሙኒኩ ዓይነት ሰው ግን የሰዓት ገደቡ ምንም አያደርግም፣ ሦስት ሰዓት ለምሳ ይበቃል። እሱን የሚያቆመው የጉብኝት ቁጥር ወይም "ባለፈው ገብተህ አልበረርክም" የሚል መዝገብ ነው።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ሆቴል፣ ጂም፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ ሱቅ፣ ምንም ይሁን፣ ከዋናው ዕቃ ጋር ምርቃት የምትሰጡ ከሆነ ምርቃቱን ከዋናው ነገር መፈጸም ጋር እሰሩት። ቁርስ ከአልጋ ጋር ከሆነ ኩፖኑ የሚሰጠው ክፍሉ ቁልፍ ሲወሰድ ነው፣ ቦታ ሲያዝ አይደለም። ይህን የአዲስ አበባ ሆቴሎች ድሮ ያውቁታል፣ አየር መንገዶች ናቸው የረሱት።

መደጋገምን የሚያይ ሰው መድቡ። ሶፍትዌር ካለ ጥሩ፣ ከሌለ በሳምንት አንድ ቀን መዝገቡን የሚገልጥ ሰው ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሦስት ጊዜ ቀን የቀየረውን ሁሉ ሌባ ማድረግ ከ36ቱ የባሰ ኪሳራ ነው፣ ምክንያቱም ውድ ትኬት የሚገዛው ሰው የሚከፍለው ላለመጠየቅ ነው። መጀመሪያ በጨዋ ቋንቋ ደብዳቤ ጻፉ። አብዛኛው ሰው ያኔ ይቆማል።

መንገደኛ ለሆናችሁም ጥቂት ነገር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ የአየር መንገዶች ኅብረት የሆነው የስታር አላያንስ አባል ስለሆነ የሼባ ማይልስ (የአየር መንገዱ የደንበኞች አባልነት) ወርቅ ካርድ ያለው ሰው የሌሎቹን አባል አየር መንገዶች ላውንጅ መግባት ይችላል። ካርዱ ብቻውን ግን አይበቃም፣ በዚያው ቀን በአባል አየር መንገድ የሚያበር ቦርዲንግ ፓስ ያስፈልጋል። አንድ እንግዳ ይፈቀድላችኋል፣ እሱም ራሱ የሚበር መሆን አለበት። ሸኚ አጎት አይገባም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አገር ውስጥ በረራ ላይ ፈርስት ክላስ ስለገዛችሁ ብቻ ላውንጅ እንደማይገባ እወቁ፣ ትላልቆቹ አየር መንገዶች በአብዛኛው አይፈቅዱም።

ፌስታል ነገርም ይነሳ። ላውንጅ ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ፣ ቋጥሮ መውጣት ግን በብዙ ላውንጆች ክልክል ነው። አንድ ፖም ኪስ ውስጥ ቢገባ ማንም አይከሳችሁም።

ለሰጪዎቹ የቀረኝ አንድ ነገር አለ። 55 ዩሮ የሚለውን ቁጥር ልብ በሉ። ምርቃት ስለሆነ ትኬቱ ላይ ዋጋ አይጻፍበትም፣ ነገሩ ሲበላሽ ግን ዋጋ ያስፈልጋል። ምርቃት ስትሰጡ ለብቻው ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ውሉ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ጻፉ። ክርክር ቢመጣ ሒሳቡን ከዜሮ አትጀምሩም፣ ደንበኛውም ምን ያህል እንደተሰጠው ያያል።